ክሩና ርስቱ



በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ 13 ቀን፣ እዚህ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ ቡሄ ሲጨፍሩ፣ በህንድ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ እህቶች በወንድሞቻቸው የቀኝ እጅ አንጓ ላይ ክር ሲያስሩ ዋሉ። ሁለቱ በዓላት በአንድ ቀን የዋሉት እንዲያው በአጋጣሚ ነው። የህንዱ በዓል ሙሉ ጨረቃን ስለሚከተል ቀኑ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ በአብዛኛው ግን ከነሐሴ አይወጣም። በዓሉ ራክሻ ባንዳን፣ ክሩ ራኪ ይባላል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ከእነርሱ ጋር የማነሳቸው ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ይህን ርዕስ የመረጥኩት እህትና ወንድምን ብሎ የሚከበር በዓል በዓለም ላይ ጥቂት በመሆኑ ነው። ለእናት፣ ለሙሽሮች፣ ለሙታን የተሰጠ ቀን ሞልቷል። በአንድ ጓዳ ያደጉ ሁለት ልጆች፣ አድገው በየፊናቸው ከሄዱ በኋላ፣ በዓመት አንድ ቀን ተፈላልገው «ወንድሜ ነህ፣ እህቴ ነሽ» የሚባባሉበት ቀን ግን ብርቅ ነው። ከእናንተ መካከል በዕድሜ ገፋ ያላችሁት ሒሳብና ፊዚክስ ከህንድ መምህራን የተማራችሁ ብዙ ናችሁና ፈጽሞ ስለማታውቁት ሕዝብ የምናገር አይመስለኝም። በዓሉን አከብረዋለሁ፤ ስለማከብረውም አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። በዚያ ቀን እህትና ወንድም እኩል ናቸው?

ይህ ጥያቄ በህንድ ራሷ በየዓመቱ ይነሳል። ሴት ልጅ ለምን ታስራለች፣ ወንድ ልጅስ ለምን ብቻውን ጠባቂ ይሆናል የሚሉ ወጣቶች አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። እኔ ግን ከክሩ አልፌ ወደ ቤቱ መግባት እፈልጋለሁ። እህት ከአባቷ ርስት ድርሻዋን ወስዳ፣ በሚቀጥለው ዓመት ራኪዋን ይዛ ስትመጣ በሩ ይከፈትላታል ወይ? እኔ የበዓሉን እኩልነት የምለካው በዚህ ነው፤ ዛሬ የምናገረውም ሁሉ ወደዚህ ይደርሳል።

በመጀመሪያ ሥርዓቱን እንመልከት። እህት በብዙ ቤት ክሩን እስክታስር ድረስ እህል አትቀምስም። በትሪ ላይ መብራት፣ ሩዝ፣ ቀይ ዱቄት፣ ጣፋጭና ራኪውን ታሰናዳለች። ወንድሟን አስቀምጣ ግንባሩ ላይ ቀዩን ምልክት ታደርግለታለች፤ መብራቱን በፊቱ ዙሪያ ታዞራለች፤ ክሩን ታስራለች፤ ጣፋጩን ታጎርሰዋለች። እሱ ገንዘብ ወይም ስጦታ ይሰጣታል፤ ዕድሜ ልኩንም ሊጠብቃት ቃል ይገባል። ሩቅ ያለች እህት ራኪዋን በፖስታ ትልካለች፤ ወሩ የዝናብ ወር በመሆኑ የህንድ ፖስታ ቤት ውኃ የማያስገባ የራኪ ፖስታ አዘጋጅቶ ይሸጣል። ክር ቃል ኪዳን እንደሚሸከም ማተብ ለሚያውቅ ሕዝብ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እስቲ የነገርኳችሁን መልሳችሁ ተመልከቱት። የምትጾመው ማን ናት? የምትባርከው ማን ናት? ክፉ ነገር እንዳይነካው ክሩን የምታስረውስ? እህት ናት። ወንድም ስለ ጥበቃ ይናገራል፤ የጥበቃውን ሥርዓት የምትፈጽመው ግን እሷ ናት። በሥርዓቱ ውስጥ ጠባቂዋ እህት ሆና ሳለ፣ በበዓሉ ንግግር ውስጥ ተጠባቂ ተደርጋለች። ይህ ልዩነት ለእኔ የጉዳዩ መግቢያ በር ነው።

በሁለተኛው የእህትና የወንድም በዓል ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ዲዋሊ የተባለው የመብራት በዓል ካለፈ በኋላ፣ በእኛ ጥቅምት ወይም ኅዳር መግቢያ ላይ፣ ባይ ዱጅ ይከበራል። ከበዓሉ ጋር የሚነገረው ተረት የሞት አምላክ ስለሆነው ስለ ያማ ነው። ያማ እህቱን ያሙናን ሊጠይቅ ይሄዳል፤ እሷም በደስታ ተቀብላ ታበላዋለች፣ ግንባሩን ትቀባዋለች። እሱም በዚህ ቀን ከእህቱ እጅ ምልክት የተቀበለ ወንድም ሞትን አይፍራ ብሎ ይባርካል። እንግዲህ የሞትን ጌታ ያለዘበችው እህት ናት። በተረቱ ውስጥ ወንድም እህቱን ከምንም ነገር አያድናትም።

ኔፓሎች ይህንኑ ቀን ባይ ቲካ ይሉታል፤ ቲሃር የተባለው የአምስት ቀን በዓላቸው መደምደሚያ ነው። እህት በተቀመጠው ወንድሟ ዙሪያ ዘይት እያንጠባጠበች ክብ ትሠራለች፤ ክፉ ነገር ያንን ክብ አያልፍም። የዋልነት ፍሬ ደጃፍ ላይ ትሰብራለች። በግንባሩ ላይ ሰባት ቀለም ትደረድራለች። በአንገቱ ላይ የምታጠልቅለት ወይን ጠጅ አበባ ደርቆም ቀለሙን የማይለቅ ነው፤ ዕድሜው እንደዚያ እንዲጸና ነው ምኞቷ። ቀጥሎ ያለውን ግን አስተውሉልኝ፤ ወንድምም በተራው ለእህቱ ግንባሯን ይቀባታል፣ አበባ ያጠልቅላታል፣ እግሯም ሥር ይጎነበሳል። በካትማንዱ መካከል ንጉሥ ፕራታፕ ማላ በ1670 ያሠራው ራኒ ፖክሪ የተባለ ኩሬ አለ። በኩሬው መካከል ያለው ቤተ መቅደስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዚህ ቀን ይከፈታል። እህት ወይም ወንድም የሌላቸው ሰዎች ወደዚያ ሄደው ይሳለማሉ። ከተማዋ ብቸኞቹንም አልረሳችም ማለት ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል።

ታዲያ ኔፓል እኩልነትን አግኝታዋለች እንበል? ሊን ቤኔት የተባለች አሜሪካዊት የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ በኔፓል ኮረብታማ አገር ያሉ የሂንዱ ቤተሰቦችን ስታጠና አንድ ከባድ ነገር አሳይታለች። አንዲት ሴት በተወለደችበት ቤት እህትና ልጅ ሆና የተቀደሰች ናት፤ ታላቅ ወንድሟ ሳይቀር ይሰግድላታል። ያችው ሴት በባሏ ቤት ደግሞ የምትጠረጠር፣ ወንድማማቾችን ታጣላለች ተብላ የምትፈራ፣ ከሁሉ በታች የምትቀመጥ ምራት ናት። የሚሰግድላት ወንድምም በራሱ ቤት የሰው እህት በምራትነት አለችው። ክብሩ እውነተኛ ነው፤ የሚሠራው ግን በአንድ ቤት ብቻ ነው።

ወደ ራኪው ልመለስ። ብዙ ሰው ልማዱ ከጥንት ጀምሮ በዚህ መልክ የኖረ፣ እህት ለወንድም ብቻ የምታስረው ይመስለዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው ምሁር ማኪም ማርዮት በሰሜን ህንድ በአንዲት መንደር ተቀምጦ በዓላቱን መዘገበ። በሙሉ ጨረቃዋ ዕለት በየቤቱ እየዞሩ ክር የሚያስሩት የብራህማን ካህናት ነበሩ፤ የሚያስሩትም ለደጋፊዎቻቸው ሲሆን ገንዘብ ይቀበሉበታል። እህቶች በዚያው ዕለት የሚያደርጉት ሌላ ነበር፤ የበቀለ የገብስ ቡቃያ በወንድሞቻቸው ራስና ጆሮ ላይ ያኖራሉ። ክሩ በእህቶች እጅ በሰፊው የተዳረሰው በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽና ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ ዘላለማዊ የሚመስለን መልክ በብዙ መንደር የአያቶቻችንን ዕድሜ ያህል ብቻ ያለው ነው።

ክሩ ከቤተሰብ ወጥቶ የዋለበትም ቀን አለ። በ1905 የእንግሊዙ እንደራሴ ሎርድ ከርዘን የህንድን የቤንጋል ክፍለ ሀገር ለሁለት ከፈለው፤ አብዛኛው ሙስሊም የሆነበትን ምሥራቁን ከምዕራቡ ለየው። አዋጁ የሚጸናበት ቀን ጥቅምት 16 ነበር፤ የራኪ ቀን ካለፈ ቆይቷል። ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር ግን በዚያ ቀን ሕዝቡ ራኪ እንዲተሳሰር ጠራ። በካልካታ ጎዳናዎች ሂንዱው ለሙስሊሙ፣ የማይተዋወቀው ለማይተዋወቀው እያሰረ ዋለ። ክፍፍሉ በ1911 ተሰረዘ። በ1970ዎቹ ደግሞ በሂማላያ ግርጌ የቺፕኮ ንቅናቄ ሴቶች ደናቸው እንዳይመነጠር ክሩን በዛፎች ላይ አሰሩ። ዛፍ ቃል አይገባም፤ ስጦታም አይሰጥም። ጠባቂዎቹ አሳሪዎቹ ነበሩ።

እንግዲህ ካህን ለባለጠጋ፣ ሂንዱ ለሙስሊም፣ ሴት ለዛፍ ሲያስር የኖረ ክር ከእህት ወደ ወንድም ብቻ ይፈስሳል የሚል ሕግ የለውም። ዛሬ ወንድም ለእህቱ ይሰር፣ እህት ለእህቷ ትሰር የሚሉት ልማድ አፍራሾች ናቸው ሲባል አልቀበልም። በራጃስታን ነጋዴ ቤተሰቦች ዘንድ እህት ከወንድሟ ሌላ ለሚስቱም በአምባሯ ላይ የምታንጠለጥለው ራኪ አላት፤ ሉምባ ይባላል። ይህንን ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ። የወንድም እህትና የወንድም ሚስት በአንድ ቤት ላይ ሲፎካከሩ የኖሩ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ በዚህ ክር ግን አንዷ የሌላዋን ደኅንነት ትለምናለች።

በህንድ ትምህርት ቤቶች ስለ ራኪ በብዛት የሚነገረው ታሪክ የቺቶር ንግሥት የካርናቫቲ ነው። በ1535 የጉጃራቱ ሡልጣን ባሃዱር ሻህ ምሽጓን ሲከብብ፣ ንግሥቲቱ ለሙጋሉ ንጉሥ ለሁማዩን ራኪ ላከችለት፣ እሱም ወንድሟ ሊሆን ተነሣ ይባላል። ታሪኩን ያስፋፋው በ1829 ስለ ራጃስታን መጽሐፍ ያሳተመው እንግሊዛዊ መኮንን ጄምስ ቶድ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች እውነተኛነቱን ይጠራጠራሉ። ይሁንና እንደ ተረት እንኳ ብንወስደው መጨረሻውን እንስማ። ሁማዩን ዘግይቶ ደረሰ። ምሽጉ ወደቀ፤ ንግሥቲቱና የቺቶር ሴቶች በእሳት ውስጥ ገብተው ሞቱ። ልጆች የወንድምን ታማኝነት እንዲማሩበት የሚነገረው ታሪክ፣ ጥበቃዋን በሩቅ ሰው ቃል ላይ ያኖረች ሴት ምን እንደሚደርስባት የሚናገር ነው።

የጥበቃ ቃል ሌላም አደጋ አለው። የሚጠብቅህ ሰው ሊያስርህም ይችላል። በ2007 በሃርያና ክፍለ ሀገር ማኖጅና ባብሊ የተባሉ ወጣቶች በፍቅር ተጋቡ። ሁለቱ ከአንድ ጎሳ ነበሩ፤ የጎሳው ሸንጎም እህትና ወንድም ናችሁ፣ ጋብቻችሁ አይጸናም አለ። በሰኔ ወር ሁለቱም ተገደሉ። በ2010 የካርናል ፍርድ ቤት በግድያው ሞት ከፈረደባቸው ሰዎች መካከል የባብሊ የገዛ ወንድም ይገኝበታል፤ የሞት ፍርዱ በኋላ በይግባኝ ተቀንሷል። ከመንደሩ ማግለልና ማስፈራራት ሳይበግራቸው ክሱን እስከ መጨረሻ የገፉት ደግሞ የማኖጅ እናትና እህት ነበሩ። በዚህ አንድ ጉዳይ ውስጥ ወንድም ክብርን አስጠብቃለሁ ብሎ እህቱን በመግደል ተፈረደበት፤ እህት ደግሞ የሞተ ወንድሟን ፍርድ እንዳያጣ ጠበቀችው።

በሐምሌ 2020 ደግሞ የማድያ ፕራዴሽ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አንድ ሰው በጎረቤቱ ቤት ገብቶ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሟል ተብሎ በተከሰሰበት ጉዳይ ዋስትና ሰጠው። ቅድመ ሁኔታው እንዲህ ነበር፤ ተከሳሹ በራኪ ቀን ከሚስቱ ጋር ጣፋጭ ይዞ ወደ ከሳሿ ቤት ይሂድ፣ ራኪ እንድታስርለት ይጠይቃት፣ ወደፊት ሊጠብቃት ቃል ይግባ፣ ወንድም ለእህት እንደሚያደርገውም 11,000 ሩፒ ይስጣት። ዘጠኝ ሴት ጠበቆች ውሳኔውን በመቃወም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2021 ቅድመ ሁኔታውን ሻረ፤ ዳኞች ተጠቂንና ተከሳሽን የሚያገናኝ፣ ጥቃቱን የሚያቃልል ማንኛውንም ትእዛዝ እንዳይሰጡም መመሪያ አወጣ። የመጀመሪያው ዳኛ ክፉ ያሰበ አይመስለኝም። በሴትና በወንድ መካከል የተበላሸውን ሁሉ የእህትነት ክር ያድሰዋል ብሎ ማመኑ ነው የሚያስፈራው። ሴት በገዛ ቤቷ ሳትነካ የመኖር መብት አላት፤ ለዚህ መብት የማንም እህት መሆን አያስፈልጋትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

በሰሜን ህንድ መንደሮች በደንቡ ሴት ልጅ በተወለደችበት መንደር አታገባም። በሠርጓ ማግስት የማታውቀው መንደር፣ የማታውቃቸው ሰዎች መካከል ናት። በብዙ ቦታ በአማቷ ፊት ፊቷን ትሸፍናለች፣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። የተወለደችበትን ቤት ማይካ ይሉታል። እዚያ ስትሄድ ፊቷን ትገልጣለች፤ ጮክ ብላ ትስቃለች፤ ቀን ትተኛለች። ራኪ የሚታሰርበት የዝናብ ወር ያገቡ ሴቶች ወደ ማይካ የሚመለሱበት ወር ነው፤ ዥዋዥዌ በዛፍ ላይ ይታሰራል፣ የልጅነት ጓደኞች ይገናኛሉ። አባትና እናት ሲሞቱ ግን ይህ ቤት የወንድም ቤት ይሆናል። ልጆቿን ስትድር በሠርጉ ላይ ስጦታ ይዞ መጥቶ ክብሯን የሚያቆምላት ወንድም ነው። ባሏ ቢደበድባት የምታንኳኳው በር የወንድሟ ነው። ክሩን ስታስር ይህን ሁሉ እያሰረች ነው። እንግዲህ ይህን ክር ተራ ልማድ ነው፣ ይቅር የሚሉት ሰዎች ስንት ሴት በዚህ በር ተስፋ እንደምታድር የዘነጉ ይመስለኛል።

በሩ ግን ዋጋ አለው፤ ዋጋው ርስት ነው። በራጃስታን ሃክ ትያግ የሚባል ልማድ አለ። አባት ሲሞት እህቶች መሬት መዝጋቢው ፊት ቀርበው ድርሻችንን ለወንድሞቻችን ትተናል ብለው ይፈርማሉ። ማንም እጃቸውን አይጠመዝዝም። ጥሩ እህት እንዲህ ታደርጋለች፤ የማትፈርም ስግብግብ ናት፤ ስግብግብ ደግሞ ማይካ የላትም። ህንዳዊቷ የምጣኔ ሀብት ምሁር ቢና አጋርዋል በ1994 በደቡብ እስያ ስለ ሴቶችና መሬት ባሳተመችው ትልቅ መጽሐፍ ይህንን አንድ በአንድ አሳይታለች። ሴቶቹ መብታቸውን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም የሚተዉት። አንድ ቀን መሸሸጊያ ያስፈልገኛል ብለው አስበው፣ መሬቱን ሰጥተው የወንድማቸውን በር ይገዛሉ። ስሌቱ ትክክል ነው። ስህተቱ ያለው እንዲህ ያለ ስሌት እንዲሠሩ ባስገደዳቸው ነገር ላይ ነው።

ሕጉ ረጅም መንገድ ሄዷል። በ1956 የወጣው የሂንዱ የውርስ ሕግ ለሴት ልጅ ከአባቷ የግል ንብረት ድርሻ ሰጣት፤ ከአያት ቅድመ አያት በወረደው የጋራ ርስት ላይ ግን በመወለዱ ብቻ ባለድርሻ የሚሆነው ወንዱ ነበር። አንድራ ፕራዴሽ፣ ታሚል ናዱ፣ ካርናታካና ማሃራሽትራ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በየራሳቸው አሻሻሉት። ለመላው አገር የተሻሻለው መስከረም 9 ቀን 2005 ነው፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ከልደቷ ጀምሮ ባለድርሻ ሆነች። ከዚያ በኋላ አባት በዚያ ቀን በሕይወት ካልነበረስ የሚል ክርክር ለዓመታት ሴቶችን ሲያንከራትት ቆየ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በነሐሴ 2020፣ በቪኒታ ሻርማ ጉዳይ፣ የአባት መኖርና አለመኖር ለውጥ አያመጣም፣ መብቷ ከልደቷ ጋር የመጣ ነው ብሎ ክርክሩን ዘጋው። ኔፓልም በ1963 ሕጓ ሴት ልጅ ርስት የምትካፈለው 35 ዓመት ሞልቷት ሳታገባ ከቆየች ነው ስትል የነበረች አገር ናት፤ የ2015 ሕገ መንግሥቷ ልጆች ሁሉ ያለ ጾታ ልዩነት በወላጆቻቸው ርስት እኩል መብት አላቸው ይላል።

በወረቀት ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። በ2015 እና 2016 በተደረገው የህንድ የግብርና ቆጠራ ግን ከእርሻ ይዞታዎች በሴት ስም የሚተዳደሩት ወደ 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ሕጉ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል፤ የወንድም ደጃፍ ላይ ሲደርስ ቆሟል።

መሬት ለሴት ምን ያደርግላታል የሚል ካለ አንድ ጥናት ልጥቀስ። ፕራዲፕ ፓንዳና ያችው ቢና አጋርዋል በኬረላ ክፍለ ሀገር በቲሩቫናንታፑራም አውራጃ ያገቡ ሴቶችን ጠይቀው ውጤቱን በ2005 አሳተሙ። መሬትም ቤትም ከሌላቸው ሴቶች መካከል 49 በመቶ የሚሆኑት በትዳራቸው ድብደባ ደርሶባቸዋል። መሬት ካላቸው 18 በመቶ፣ ቤት ካላቸው 10 በመቶ፣ ሁለቱም ካላቸው 7 በመቶ ነበሩ። እኔ ይህን ቁጥር ከራኪው ቃል ጎን አስቀምጠዋለሁ። ወንድም እህቱን በእውነት ሊጠብቃት ከፈለገ፣ ከብዙ ቃል ይልቅ የሚጠብቃት የራሷ ጣሪያ ነው። የራሷ ጣሪያ ያላት ሴት የወንድሟን በር የምታንኳኳው ስለናፈቀችው ይሆናል።

ከውርስ ሕጉ ጋር ሌላ አሳዛኝ ነገርም መጥቷል። በህንድ ሴት ጽንስ ተመርጦ እንዳይወርድ የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1994 ነው። እንዲያም ሆኖ በ1991 ለ1,000 ወንድ ሕፃናት 945 የነበሩት እስከ ስድስት ዓመት ዕድሜ ያሉ ሴት ሕፃናት በ2011 ቆጠራ 919 ሆነው ተገኙ፤ በሃርያና 834። ማለትም በራኪ ቀን ክር የሚያስርላቸው ያጡ ወንዶች ትውልድ አድጓል። ሶንያ ባሎትራና ባልደረቦቿ በ2020 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ የውርስ ሕጉ ከተሻሻለ በኋላ በአንዳንድ ቤተሰቦች ወንድ ልጅ የመምረጡ ነገር እንደ ባሰ አሳይተዋል፤ የሴት ልጅ ድርሻ ሲጨምር መወለዷ የሚያስከፍል መስሎ ታየ። ይህንን ሰምተው ሕጉ ባይሻሻል ይሻል ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ግን የማነበው በተቃራኒው ነው። ሕጉ የነካው የልማዱን ሥር ነው፤ ሥሩ ሲነካ ግንዱ ይንቀጠቀጣል። በቅርብ ዓመታት የተደረገው ብሔራዊ የቤተሰብ ጤና ጥናት ለ1,000 ወንድ ሕፃናት የሚወለዱትን ሴቶች ቁጥር ከ919 ወደ 929 ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ጥቂት ናት፤ ሆኖም ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ የሄደች ጥቂት ናት።

በከተማ ያሉ ወጣቶች ወንድምና እህት እርስ በርሳቸው ሲተሳሰሩ፣ ሁለት እህቶች ብቻቸውን ያደጉበት ቤት ወንድም ሳይፈልግ በዓሉን ሲያከብር ደስ ይለኛል። አምስት ዓመት የሆነው ወንድ ልጅ ለእህቱ ክር ሲያስር አንድ ነገር ይማራል፤ እሷም ትማራለች። ግን ያው ልጅ አርባ ዓመት ሲሞላው ከእህቱ ጋር በመሬት መዝጋቢው ፊት ይቆማል። የሚፈተነው ያኔ ነው። አንጓው ላይ ስንት ራኪ ታሰረ፣ እሱስ ስንት አሰረ ብዬ አልጠይቀውም፤ ስሟን አስጽፏል ወይ ብዬ ግን እጠይቀዋለሁ።

ሦስት መልሶች ሁልጊዜ ይመጣሉ። የመጀመሪያው፣ ድርሻዋን ቤተሰቧ በሚሰጠው ጥሎሽ ወስዳለች የሚል ነው። ጥሎሽ መስጠትና መቀበል በህንድ ከ1961 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ከዚህም በላይ ጥሎሹን የሚቀበለውና የሚያዝበት የባሏ ቤተሰብ ነው። በሌላ ሰው እጅ የገባ ዕቃ የእሷ ርስት ሊባል አይችልም። ሁለተኛው፣ መሬቱ ይበጣጠሳል የሚል ነው። አራት ወንድሞች ሲካፈሉ ይህ ክርክር አይነሳም፤ የሚነሳው አራተኛዋ እህት ስትሆን ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ነው፤ ርስት የጠየቀች እህት ፍቅሩን ታፈርሰዋለች ይላሉ። እስቲ ወንድማማቾችን ተመልከቱ። ርስት ይካፈላሉ፤ በድንበር ይጣላሉ፤ ፍርድ ቤት ይካሰሳሉ፤ ሽማግሌ ያስታርቃቸዋል፤ በሠርግና በሐዘን ተጠራርተው በአንድ ትሪ ይበላሉ። ርስት ስለተካፈሉ ወንድማማችነታቸው ቀረ ያለ ሰው አልሰማሁም። እህትም ድርሻዋን ወስዳ፣ ተጣልታም እንደሆነ ታርቃ፣ በነሐሴዋ ሙሉ ጨረቃ ራኪዋን ይዛ ትመጣለች፤ የምትገባውም የእሷም ወደሆነ ቤት ነው።